ስድስተኛው ቅርንጫፍ

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው የቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድር፣ ቢሮ፣ ማውራትም ማልቀስም ይቻላል። መጻፍ ግን ክልክል ነው። የሟቹ የሕይወት ካርታ በሥዕል ተሞልቶ ሳያልቅ አንዲት ፊደል ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ካረፈች ካርታው ይሰረዛል፤ ሥራውም እንደገና ከመሀል ክቡ ይጀመራል። ቀብር ደግሞ ቀጠሮ አያራዝምም። ስለዚህ የታሪክ ሣይዋ ማስተዋል ሐዘንተኞቹ ወንበር ሳይዙ በፊት ደንቡን ትነግራቸዋለች።

“ስም አንጽፍም፣ ዓመተ ምሕረት አንጽፍም። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ እኔ እስላለሁ።”

በዚያ ሐሙስ ጠዋት የመጡት ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። አባታቸው አቶ ጓንጉል አርፈው በማግሥቱ ሊቀበሩ ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውም እንደ ወጉ መቃብሩ አጠገብ ይነበባል። ማስተዋል ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በሞላው ሰሌዳ መሀል ላይ ክብ አሰመረች። ክቡ ባዶ ነው፤ ሟቹ እዚያ ውስጥ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ከክቡ አምስት ቅርንጫፎች አወጣች፦ ለልደት ጥቁር፣ ለሥራ አረንጓዴ፣ ለቤት ቀይ፣ ለሳቅ ቢጫ፣ ሳይነገር ለቀረ ነገር ሰማያዊ። እህትማማቾቹ እየተሻሙ ማውራት ጀመሩ። እሷም መጋዝ ሳለች፣ የአህያ ጆሮ ሳለች፣ አንድ እግሩ የተሰበረ በርጩማ ሳለች። አንዱ ሥዕል ሌላውን እየጎተተ ያመጣል። በርጩማውን ሲያዩ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ አባታቸው በትልቋ ምርቃት ቀን እንግዳ ፊት ከእሱ ላይ ወድቀው ነበርና። ማስተዋል ከበርጩማው ወደ ቢጫው ቅርንጫፍ ቀስት ሰደደች። አሥራ አራት ዓመት የሠራችበት ሙያ ይኸው ነው፤ ሰው እንዳለው የማያውቀውን ነገር በሥዕል ከውስጡ ማውጣት። ጥሩ ሙያ ነው ብላ ታምን ነበር።

አምስቱ ሲሞሉ እጇን ከሰሌዳው አነሳች። ስድስተኛውን ቅርንጫፍ የምትስለው እሷ አይደለችም፤ ስድስተኛውን ሰሌዳው ራሱ ይስለዋል። ቤተሰብ ሁሉ የሚጠብቀውም እሱን ነው። ከቀብር መልስ ሰው እጁን እየታጠበ የሚጠያየቀው “ስድስተኛው ምን ነበር?” እየተባባለ ነው።

ነጩ ላይ መስመር መጣ። መጀመሪያ ተዳፋት፣ ቀጥሎ ጠባብ መንገድ፣ ቀጥሎ ቦርሳ ያነገተች ትንሽ ልጅ። ከልጅቷ ፊት አንድ ረዘም ያለ ሰው አለ፤ ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለልጅቷ ሰጥቶ፣ የኋሊት ይሄዳል። ኮቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ነፋሱን ይከልልላታል።

ከዚያ ታናሺቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

“አባባ ነው” አለች። “እኔን እኮ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ።”

“እኔን ነው እንጂ” አለች ትልቋ ቀስ ብላ። “አንቺ ያኔ መች ተወለድሽና።”

መካከለኛዋም ታለቅስ ነበር። ሰሌዳው “ይጽደቅ?” ብሎ ጠየቀ። ማስተዋል በጣቷ ነካ አደረገችው፤ የሚነበበው ጽሑፍም ራሱን በራሱ ይጽፍ ጀመር። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ያ ረዥም ሰው አቶ ጓንጉል አይደለም። የማንም አባት አይደለም። ወንድሟ ይታገሱ ነው፤ ልጅቷም እሷ ናት።

ይታገሱ በስምንት ዓመት ይበልጣት ነበር። ቤታቸው ከተራራው ወገብ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ታች ከተማው ውስጥ ነበር፤ የኅዳር ጠዋት ነፋስ ከታች ሽቅብ ፊት ለፊት ይመጣል። እሱ ከፊቷ ይሆንና የኋሊት ይወርዳል፤ ድንጋዩን በተረከዙ እየዳሰሰ፣ እሷን እያየ፣ እየቀለደባት። አንድም ቀን አልወደቀም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ከኬብል ቆፋሪዎች ጋር ተቀጠረ። በነሐሴ ተራራው ተንሸራቶ የሠራተኞቹን ድንኳን ይዞ ወረደ፤ ከአሥራ አንዱ የአሥሩ አስከሬን ሲገኝ የይታገሱ ጠፋ። አስከሬን ስለሌለ ቀብር አልተደረገለትም። ቀብር ስለሌለ የሕይወት ታሪክ አልተነበበለትም። እናታቸው ወይዘሮ ስንዱ ሦስት ቀን የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፤ ከዚያ ነገሩ በዝምታ ታለፈ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት።

ሥዕሉ ሰሌዳው ውስጥ የገባው በማስተዋል ጥፋት ነው። የታሪክ ሣዮች ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ሐዘንተኛ ሳይገባ፣ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ልማድ አላቸው። ክብ ያሰምራሉ፣ ያሻቸውን ይስላሉ፣ በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጉታል። ሌሎቹ ፍየል ይስላሉ፣ ሽንኩርት ይስላሉ፣ የጎረቤት አፍንጫ ይስላሉ። እሷ ተዳፋቱን፣ መንገዱንና ኮቱን ሳለች። በየጠዋቱ ሳለች፣ በየጠዋቱ አጠፋች። ያጠፉት ነገር ከሰሌዳውም የጠፋ መስሏት ነበር። አይደለም የሚላት ሰው አላገኘችም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ካርታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ቀልቧ ተገፈፈ። ያን ቀን ለቅሬው ዳኛ መናገር ነበረባት። ግን የሟቹ ሚስት ሥዕሉን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደበራ አየች፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እሷም ደስ አላት። ቀብር ያላገኘው ወንድሟ በየሰው ቀብር ትንሽ ትንሽ እየተነበበለት መሰላት። ስለዚህ አፏን ዘጋች።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ከሰሌዳው ወጥቶ መንገድ ላይ መታየት ጀመረ። አሁን በከተማው ቀብር ሲኖር አንድ ሰው ከአስከሬኑ ፊት ይሆንና ኮቱን ዘርግቶ የኋሊት ይሄዳል። ማን ጀመረው ብትሉ “የድሮ ወጋችን ነው” ይሏችኋል፤ አፋቸውን ሞልተው። ጠዋት በተዳፋቱ መንገድ ታላላቆች ከታናናሾቻቸው ፊት የኋሊት ይወርዳሉ፤ ወላጆች ከበር ላይ ሆነው “ጎሽ፣ እንዲህ ነው” ይላሉ። ማስተዋል ወደ ሥራ በጓሮው መንገድ መሄድ ከጀመረች ሰነበተች።

እህትማማቾቹ ከሄዱ በኋላ የቅሬው ዳኛ አቶ ይማም ወደ ቢሮው ገቡ። ቁጭ አላሉም።

“አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ” አሏት።

አብሽሪ ሲሏት ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራች።

“ወንድምሽ ተገኝቷል። አዲሱን መንገድ የሚቆፍሩት ናቸው ያገኙት። አጥንትና የሥራ መታወቂያው። ቅዳሜ አፈር እናለብሰዋለን፤ ታሪኩን አንቺው ትስይለታለሽ። ከአንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል።”

ማስተዋል አላለቀሰችም። በሩን ዘጋችና ክብ አሰመረች። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሥራ ስለነበር እጇ ራሱ ቸኮለ። አምስቱን ቅርንጫፎች አወጣች፤ ቀዩ ጫፍ ላይ ተዳፋቱን፣ መንገዱን፣ ልጅቷን፣ ኮቱን ሳለች። ሰሌዳው መስመሯን በትሕትና አደበዘዘውና ከሥሩ ጻፈ፤ ለእሱ መጻፍ ክልክል አይደለም። “ይህ ሥዕል በ614 ካርታዎች ላይ ይገኛል። ሟቹን ከሌሎች አይለይም። በሌላ ይተካ?”

መልስ ሳይጠብቅ በቦታው ሌላ አመጣ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋሽንት የሚነፋ ወጣት። ይታገሱ በሕይወቱ ዋሽንት ይዞ አያውቅም። አጠፋችው። ሌላ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ አዝሎ ወንዝ የሚሻገር ጎረምሳ፣ ሽማግሌው በአንድ እጁ ጫማውን ከፍ አድርጎ ይዟል። ጫማው በጣም በጥንቃቄ ነው የተሳለው። ማስተዋል ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብላ ያቺን ጫማ አየቻት። ይህን የሳለ ሰው አለ ማለት ነው። በሌላ ከተማ፣ በሌላ ቢሮ፣ በየጠዋቱ ይህቺን ጫማ እየሳለ በመዳፉ የሚያጠፋ ሰው አለ።

ከዚያ የባሰ ነገር አሰበች። ኮቱስ የእሷ መሆኑን በምን ታውቃለች? ስድስት መቶ ቤተሰብ እኮ “የእኛ ነው” ብሎ አልቅሷል፤ አንዱም አልዋሸም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ እናቷ ሮጠች።

ወይዘሮ ስንዱ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚያናግራቸው ሰው መጮህ አለበት። የልጃቸውን መገኘት ሰምተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ መታወቂያውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

“እማዬ፣ ይታገሱ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ እንዴት ነበር የሚሄደው?”

“እንዴት ይሄዳል፤ በእግሩ ነዋ።”

“ከፊቴ ሆኖ የኋሊት አይሄድም ነበር?”

የእናቷ ፊት ፈካ አለ። “አዎ፣ ኮቱን ዘርግቶ። እሰይ፣ አስታወስሽኝ።” ማስተዋል እፎይ ልትል ስትል ወይዘሮ ስንዱ ቀጠሉ። “ልክ ባለፈው እንደተቀበሩት እንደ አቶ ሽፈራው። ልክ እንደዚያች እንደ ደጓ ጎረቤታችን። አባቴም እንዲሁ ነበር።”

“አባትሽ ነፍስ ሳታውቂ ነው የሞተው አላልሽኝም?”

“ቢሆንስ” አሉ ወይዘሮ ስንዱ። “የኋሊት ሲሄድ ይታየኛል።”

እናቷ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቀብር ቀብር ውለዋል። የአካባቢውን ሙታን ሁሉ ታሪክ በድምፅ ማጉያው ሰምተዋል። ከእሳቸው ሌላ ምስክር የለም፤ እሳቸውም ከእንግዲህ ምስክር አይሆኑም። ማስተዋል ያኔ ሆድ ባሳት፤ ወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ አፈር የገባ መሰላት። ሳይቀበር በፊት ከስድስት መቶው ሰው የሚለየው አንዲት ነገር ማግኘት አለባት፤ አለበለዚያ ቅዳሜ የሚቀበረው ማንም ሊሆን ይችላል።

ዓርብ ከሥራ ቀረች። ቤት ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር ስላልነበረ የጫማ ካርቶን ቀደደች፤ እርሳስም ስላልነበረ የቅንድብ እርሳሷን አመጣች። ክብ አሰመረች። ቅርንጫፍ ባወጣች ቁጥር ጫፉ ላይ የሚመጣውን ሥዕል ተጠራጠረችው። ዳቦ ለሁለት የሚከፍል እጅ፤ ይህንን ባለፈው ወር ለማን ነው የሳለችው? ጣራ ላይ ወጥቶ የሚያፏጭ ልጅ፤ እሱ የአንድ ሹፌር ነው። ካርቶኑ በተሰረዙ ቅርንጫፎች ጠቆረ። የቅንድብ እርሳሱ አጭር ስለነበር ቀኝ እጇ ደከመ፤ ትንሿን ጣቷን ብርዱ ቆጠቆጣት። እንደ ልማዷ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገቻት። ከዚያ ማሸቷን አቆመችና ጣቷን አየቻት።

የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጠማማ ናት። ይታገሱ ነው የሰበራት። ከእናቱ ጋር ተጣልቶ የቆርቆሮውን በር በንዴት ሲደረግመው ጣቷ መሀል ገብታ ነበር። እናቷ ሮጠው ሲመጡ ማስተዋል “ድንጋይ ወደቀብኝ” አለች። ለምን እንደዋሸች አሁንም አታውቅም፤ ፊቱ አመድ መስሎ ስላየችው ይሆናል። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ የቤት ሥራዋን የጻፈላት እሱ ነው። ጽሕፈቱ የትንሽ ልጅ እንዲመስል በግራ እጁ ይጽፍ ነበር፤ ምላሱን አውጥቶ፣ እያላበው። መምህሯ ደብተሯ ላይ “በርቺ” ብላ ጻፈችላት። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ አንድም ጠዋት ስላው አታውቅም። ቀብር ላይ የሟች ጥፋት አይነሳማ።

በሩን ሳለች፤ ትንሿን እጅ ሳለች፤ እርሳስ የጨበጠ ትልቅ የግራ እጅ ሳለች። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ሰሌዳው ይህቺ የለችውም።

አቶ ይማም ካርቶኑን ሲያዩ ግራ ገባቸው። “ካርታው ካልጸደቀ ጽሑፍ አይወጣልሽም እኮ።”

“ከዚሁ ላይ አያለሁ፤ በአፌ እናገራለሁ።”

ሽማግሌው ዞር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እንግዲያ ከማጉያው ራቅ ብለሽ ተናገሪ። ማጉያው የሰማውን ሰሌዳው ሰማው ማለት ነው። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።”

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይታገሱን አወጡት። ከሣጥኑ ፊት አንድ ረዥም ሰው የቅሬውን ጥቁር ኮት ዘርግቶ የኋሊት ይሄድ ነበር፤ ቅሬው ለዚሁ የመደበው ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ድንጋዩን በተረከዙ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ማስተዋል ከሣጥኑ ኋላ ሆና አየችው። የወንድሟ አካሄድ በወንድሟ አስከሬን ፊት ይሄዳል፤ ከተከተሉት ሁለት መቶ ሰዎች ማንም አላወቀውም። መጮህ አማራት፤ ግን ምን ብላ ትጮሃለች።

መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ማጉያውን ትታ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ቆመች። ካርቶኑን ያዘችና መናገር ጀመረች። በቅርብ ያሉት ሰሙ። ወይዘሮ ስንዱ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ጎረቤታቸው ዘወር አሉ።

“ምን አለች? እኔ አልተሰማኝም።”

ጎረቤትየዋም አልሰማችም። ግን ሐዘንተኛ ዝም አይባልምና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ጮኸች። “ትምህርት ቤት ሲያደርሳት፣ ኮቱን ዘርግቶ፣ ነፋሱን ይከልልላት ነበር ነው የምትለው።”

ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ረክተዋል። ልጃቸውን እንዲህ አድርገው ሊቀብሩት ነው።

ማስተዋል ንግግሯን አቋረጠች። አቶ ይማም ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እሷ ማጉያውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ደግሞ ማጉያውን አየች። ሦስቱን እርምጃ ተመለሰች።

“ወንድሜ ይታገሱ ጣቴን ሰብሮኛል” አለች፤ ድምፁ ከተራራው ላይ ተመልሶ መጣ። “በቆርቆሮው በር ነው። ድንጋይ ነው ብዬ ለእናቴ ዋሸሁ። እሱ አንድ ወር ሙሉ በግራ እጁ የቤት ሥራዬን ጻፈልኝ። መምህሬ ‘በርቺ’ አለችኝ፤ በርቺ የተባለው እሱ ነው። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አላውቅም።”

“የኔም አባት እንዲሁ ነበር” ያለ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና የልጃቸውን ቀኝ እጅ ያዙ፤ ትንሿን ጣት አገላብጠው ዳሰሷት።

“ድንጋይ ነው ያላችሁኝ” አሉ፤ ጆሮው እንደደከመ ሰው ጮክ ብለው። “ውሸታሞች። ሁለታችሁም ውሸታሞች።” ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ያላለቀሱትን አለቀሱ። የሚያለቅሱት ለራሳቸው ልጅ ነበር፤ ለማንም አልነበረም። ይታገሱ ያን ቀን ተቀበረ።

ሰኞ ጠዋት ማስተዋል እጇን ሳታፍታታ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ሐዘንተኛ ወይዘሮ ትጓደድ ይባላሉ፤ ስልሳ የሞላቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው የሞቱባቸው፣ ጨዋ ሴት ናቸው። አምስቱ ቅርንጫፎች ሳያስቸግሩ ሞሉ። ማስተዋል እጇን አነሳች፤ ሁለቱም ነጩን ቦታ ያዩ ጀመር።

መጀመሪያ የቆርቆሮ በር መጣ። ቀጥሎ ትንሽ እጅ። ቀጥሎ እርሳስ የጨበጠ ትልቅ የግራ እጅ፤ ቅርንጫፉ ሞላ።

ወይዘሮ ትጓደድ ለረጅም ጊዜ ሥዕሉን አዩት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና ትንሿን ጣታቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

“እዚህ ጋ ነው” አሉ። “ድንጋይ ነው ብዬ ለእናቴ ዋሸሁለት። እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይቆጠቁጠኛል።”

ጣታቸው ቀጥ ያለ ነበር፤ አንድም እንከን የለውም። ማስተዋል ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ግን ሴትየዋ እያለቀሱ ነበር፣ የምራቸውን ነበር። ሰሌዳው “ይጽደቅ?” አለ። ነካ አደረገችው።

ጽሑፉ እስኪወጣ ድረስ እጆቿን ከጠረጴዛው በታች አደረገች። የተጣመመችውን ጣት በአውራ ጣቷ ፈለገች። አጣቻት። ደግማ ከሥር እስከ ጫፍ ዳሰሰች፤ ጣቷ ቀጥ ያለ ነበር። የምትዳስሰው ግራ እጇን መሆኑን ያወቀችው ሴትየዋ አመስግነው ከወጡ በኋላ ነው።